ሐያእ ከሕክምና አያግደን
ስለ ሴቶች የማሕፀንና የሽንት አካላት ጤና በየቤቱ የሚነገሩ የተሳሳቱ አባባሎች

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ሐያእ ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን ከልጅነታችን ጀምሮ ስንማር አድገናል። ሆኖም በሐያእ ስም የሚጠራ ነገር ሁሉ ሐያእ አይደለም። ሰውን ከነውርና ከኃጢአት የሚጠብቀው ሐያእ ውድ ሀብት ነው። ህመምን አፍኖ፣ ጥያቄን ውጦ፣ ዒባዳን አቋርጦ ለዓመታት እንዲኖሩ የሚያደርገው ግን ይሉኝታ እንጂ ሐያእ አይባልም። በመዲና የነበሩት የአንሷር ሴቶች እጅግ ሐያእ የነበራቸው ናቸው። ነገር ግን ስለ ሐይድ፣ ስለ ጉስልና ስለመሳሰለው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) በቀጥታ ይጠይቁ ነበር። እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ.) ዓይነ አፋርነት ዲናቸውን ከመማር አላገዳቸውም በማለት አመስግነዋቸዋል። ቁርኣንም ቢሆን የመርየምን ምጥ ሳይሸፋፍን ይተርክልናል (19፡23)። እናት ልጇን በድካም ላይ ድካም እንደምትሸከምም ይነግረናል (31፡14)።

እንግዲያውስ ጌታችን ያልደበቀውን የእናቶቻችንን ድካም እኛ ለምን እንደብቀዋለን? በዚህ ጽሑፍ በየቤቱ የምንሰማቸውን የተሳሳቱ አባባሎች እያነሳን፣ ሕክምናውም ዲኑም ምን እንደሚሉ እንመለከታለን ኢንሻአላህ።

በመጀመሪያ ስለ አካሉ አፈጣጠር

በዳሌ አጥንቶች መካከል ከፊት የሽንት ፊኛ፣ ከመሐል ማሕፀን፣ ከኋላ የትልቁ አንጀት መጨረሻ ይገኛሉ። እነዚህን ሁሉ ከሥር ሆነው የሚሸከሙ ጡንቻዎች አሉ። አቀማመጣቸውን ለመረዳት በአያቶቻችን ቤት የነበረውን የጠፍር አልጋ ማሰብ ይበቃል። ጠፍሩ ጠንካራ ሲሆን የተኛውን ሰው ደልድሎ ይይዛል፤ ሲላላ ግን የተኛው ወደ ታች ይሰምጣል። የሴት ልጅም የዳሌ ጡንቻዎች ነፍሰ ጡር ስትሆን ለወራት ይሸከማሉ፤ በወሊድ ጊዜ ከመጠን በላይ ይለጠጣሉ። በዚህ ላይ የውሃ ጀሪካን፣ የእንጨት ሸክም፣ ሥር የሰደደ ሳልና የሆድ ድርቀት ሲጨመሩበት ይላላሉ። ብዙዎቹ ችግሮች የሚመጡት ከዚህ ነው።

«ወልጄ ነው፤ ምን ይደረጋል?»

ስታስነጥስ፣ ስታስል፣ ስትስቅ ወይም ዕቃ ስታነሳ ሽንት ጠብ የሚልባት እናት በየሠፈሩ አለች። አብዛኞቹ ይህን የእናትነት ዕዳ አድርገው ይቀበሉታል። ችግሩ ከወሊድ በኋላ መብዛቱ እውነት ነው። መፍትሔ የለውም ማለት ግን ፈጽሞ ስህተት ነው። ያልወለዱ ሴቶችንም ሊያጋጥም ይችላል። አንዳንዴም የስኳር በሽታ ወይም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ምልክት ስለሚሆን መመርመር ያስፈልጋል።

አርኖልድ ኬግል የተባለ አሜሪካዊ የማሕፀን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1948 እነዚህ ጡንቻዎች እንደ ክንድ ጡንቻ በልምምድ ሊጠነክሩ እንደሚችሉ ጽፎ ነበር። ልምምዱ ዛሬም በዓለም ዙሪያ ይታዘዛል። አሠራሩ ቀላል ነው። ሽንትን ወይም ንፋስን ለመያዝ እንደሚደረገው ጡንቻዎቹን ወደ ውስጥና ወደ ላይ ሳብ ማድረግ፣ አምስት ሴኮንድ ያህል ይዞ መልቀቅ፣ ትንሽ ማረፍ፣ ከዚያ መድገም ነው። በአንድ ጊዜ አሥር ያህል፣ በቀን ሦስት ጊዜ ይሠራል። እየጠነከረ ሲሄድ እስከ አሥር ሴኮንድ መያዝ ይቻላል። ትንፋሽ አይያዝም፤ ሆድና መቀመጫም አይጠነክሩም። ጡንቻውን ለመለየት ካልሆነ በስተቀር ሽንት እየሸኑ ልምምዱን ማዘውተር አይገባም። ለውጡ በሳምንት ውስጥ ስለማይታይ ለሦስት ወር ያህል ሳይሰለቹ መሥራት ይጠይቃል። እንዳይረሳ ከፈለጉ ከፈጅር፣ ከዐስርና ከዒሻእ ሰላት በኋላ በተቀመጡበት ማድረግ ይቻላል። በዚህ የማይሻላት እናት ደግሞ ሐኪም ዘንድ ሌላ ሕክምና ታገኛለች።

አንዳንድ እናቶች ሽንቱ እንዳያመልጣቸው ውሃ መጠጣት ይተዋሉ። ይህ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ውሃ ሲያንስ ሽንቱ ይወፍርና ፊኛውን ይበልጥ ያስቆጣል። የሆድ ድርቀትም ይጨመርና ማማጡ ጡንቻውን እንደገና ያላላዋል።

«ሰላቴ አይሆንም»

ይህ ከሁሉም የከፋው ነው፤ ከአካል አልፎ ዲንን የሚነካ ነውና። በሴቶች ደርስ ላይ ከሚገኙት እናቶች አንዷ፣ ትምህርቱ አልቆ ሌሎቹ ከወጡ በኋላ ቀረብ ብለው እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሽንቴ አይጠናልኝም። ሩኩዕ ስወርድ ጠብ ይላል። ሰላቴ አይሆንም ብዬ መስጊድ ከቀረሁ ቆየሁ። ቤትም ቢሆን የምሰግደው አልፎ አልፎ ነው።»

«እማማ፣ ከጀመረዎት ስንት ጊዜ ሆነው?»

«የመጨረሻ ልጄን ስወልድ ነው የጀመረኝ። እሱ አሁን ዘጠነኛ ክፍል ነው።»

«ሐኪም አሳይተዋል?»

«ይሄም በሽታ ተብሎ ሐኪም ቤት ይኬድበታል እንዴ?»

እስቲ አስቡት፤ እኚህ እናት ይህን ሁሉ ዓመት ከሰላት የራቁት አንድ ጥያቄ ባለመጠየቃቸው ነው። የፊቅህ መጻሕፍት ስለዚህ ጉዳይ ራሱን የቻለ ክፍል አላቸው። ሽንቱን መቆጣጠር ያልቻለ ሰው «ሰሊሱል በውል» ይባላል፤ ባለ ዑዝር ነው። በሀገራችን በሰፊው በሚታወቁት በሻፊዒይና በሐነፊይ መዝሀቦች ደንቡ ግልጽ ነው። የሰላቱ ወቅት ከገባ በኋላ ትታጠባለች፤ ንጹሕ ጨርቅ ወይም ሞዴስ ታደርጋለች፤ ውዱእ አድርጋ ትሰግዳለች። ከዚያ በኋላ በሰላት ላይ ሳለች ቢያመልጣት ሰላቷን አያበላሽባትም። በሻፊዒይ መዝሀብ በአንድ ውዱእ አንድ ፈርድና የፈለገችውን ያህል ሱና ትሰግዳለች። በሐነፊይ መዝሀብ ደግሞ ሌላ ውዱእ የሚያፈርስ ነገር እስካልመጣባት ድረስ ውዱኡ ወቅቱ እስኪወጣ ያገለግላታል። ቆማ ስትሰግድ የሚፈስ፣ ተቀምጣ ስትሰግድ ግን የሚቆም ከሆነም ተቀምጣ እንድትሰግድ ፉቀሃኦች ጽፈዋል። ጾሟም በዚህ ምክንያት አይነካም።

መቀመጥ ነውር የሚመስላት እናት ካለች የሰሓባውን የዒምራን ኢብኑ ሑሶይንን (ረ.ዐ.) ታሪክ ታስታውስ። ኪንታሮት ይዟቸው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ ሰላታቸው ቢጠይቁ ቆመው እንዲሰግዱ፣ ካልቻሉ ተቀምጠው፣ ያም ካልሆነ በጎናቸው ሆነው እንዲሰግዱ ነግረዋቸዋል። ሰሓባው በመቀመጫቸው አካባቢ ስላለ በሽታ ለመጠየቅ አላፈሩም፤ እኛም የእሳቸውን ጥያቄ መልስ ይኸው እስከ ዛሬ እንጠቀምበታለን።

«ማሕፀኗ የወጣው በዓይን ነው»

ጡንቻው በጣም ሲላላ ማሕፀን ወደ ታች ይንሸራተታል። እናቲቱ ከታች የሚከብድና የሚጎትት ነገር ይሰማታል፤ ወገቧን ያማታል። ሲባባስ እንደ ዕጢ ያለ ነገር በብልቷ በኩል ይወጣል። በዚህ ጊዜ ዓይን ነው፣ ጅን ነው፣ እርግማን ነው የሚል ወሬ ይነሳል። አንዳንዶች ቅጠል ይጨምሩበታል፤ አንዳንዶች በጨርቅ ጠቅጥቀው ይይዙታል። እንዲህ ያለው ነገር ቁስልና ኢንፌክሽን ያስከትላል።

የዓይንም ሆነ የጅን መኖር በዲናችን የታወቀ ነው፤ ሩቅያም የተፈቀደ ነው። ነገር ግን ሩቅያ ማድረግ ሐኪም ቤት ከመሄድ አይከለክልም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለጠየቋቸው የገጠር ዐረቦች እንዲታከሙ፣ አላህ ከእርጅና በቀር መድኃኒት ያላደረገለት በሽታ እንደሌለ አስተምረዋቸዋል። ማሕፀን መውጣት አይተላለፍም፤ ከመጥፎ ጠባይም አይመጣም። ሕክምናውም እንደ ደረጃው ነው። ሲጀምር ከላይ የገለጽነው ልምምድና ከባድ ሸክም መተው ሊረዳ ይችላል። ከዚያ ቀጥሎ ፔሳሪ የሚባል ቀለበት መሰል ደጋፊ በባለሙያ እጅ ይገባል። ከባድ ለሆነው ደግሞ ቀዶ ሕክምና አለ። ማሕፀን የግድ ይወጣል ማለትም አይደለም፤ ወደ ቦታው መልሶ ማሰር የሚቻልባቸው መንገዶች አሉ።

«ሽንቷ የሚፈሰው አላህ ተቆጥቷት ነው»

ይህ አባባል በተለይ የሚነገረው በፌስቱላ በተያዙ እህቶች ላይ ነው። ምጥ ረዝሞ ሕፃኑ መውጣት ሲያቅተው ጭንቅላቱ በእናቲቱ ዳሌ አጥንት ላይ ተጭኖ ይቀራል። መሐል ላይ የተጨመቀው ሥጋ ደም ያጣና ይሞታል። ከወሊዱ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይረግፍና ከፊኛ ወደ ብልት፣ አንዳንዴም ከአንጀት ወደ ብልት ቀዳዳ ይከፈታል። ከዚያ በኋላ ሽንቱ ሌት ተቀን ይፈሳል። አብዛኛውን ጊዜ ሕፃኑም ሞቶ ይወለዳል። ልጇን ባጣች ማግሥት ጤናዋን፣ ቀጥሎም ትዳሯንና ጎረቤቷን የምታጣ እህት ብዙ ናት። ታዲያ ይህ የቁጣ ምልክት ነው ወይስ የሐኪም ቤት መራቅ?

በምጥ ወይም ከወሊድ በኋላ የሞተች ሙእሚን ሴት የሸሂድ ደረጃ እንዳላት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። በዚያው ምጥ ተጎድታ የተረፈችውን እኛ የተረገመች ልንላት እንዴት ይፈቀድልናል?

በዚህ በሽታ ሀገራችን ለዓለም ትምህርት የሆነ ተቋም አላት። እ.ኤ.አ. በ1959 ከአውስትራሊያ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ባልና ሚስት ሐኪሞች ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታልን መሠረቱ። ዶክተር ካትሪን እ.ኤ.አ. በ2020 እስኪሞቱ ድረስ ኑሯቸው እዚሁ ነበር። ሆስፒታሉ በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋዓለም፣ በሐረርና በመቱ ማዕከሎች ከፍቷል፤ ሕክምናውም በነፃ ነው። ቀዳዳው ትንሽ ሆኖ ቶሎ ከተደረሰበት ለተወሰኑ ሳምንታት ቱቦ በማስገባት ብቻ ሊድን ይችላል። ሌላው በቀዶ ሕክምና ይዘጋል፤ አብዛኞቹም ድነው ይመለሳሉ። ለዓመታት ተደብቃ የኖረች እናት እንኳ ጊዜው አልፎብኛል ብላ ተስፋ መቁረጥ የለባትም። የዳነች እህት እንደገና ብትፀንስ ግን በሆስፒታል መውለድ ይኖርባታል።

መከላከያውም ይታወቃል። ልጅነቷ ሳይበቃ አለመዳር፣ በእርግዝና ጊዜ ክትትል ማድረግ፣ በጤና ተቋም መውለድ ነው። ምጥ ከያዛት ፀሐይ ገብታ እስክትወጣ የቆየች ሴት ቤት ውስጥ «ትንሽ እንጠብቅ» የሚባልላት አይደለችም።

«ደሙ ቢቆይም ወር አበባ ነው» እና ሌሎች

በዚህ ረገድ ሁለት ስህተቶች ይታያሉ። አንደኛው ደም በፈሰሰ ቁጥር ለወራት ሰላት መተው ነው። ፋጢማ ቢንት አቢ ሑበይሽ (ረ.ዐ.) ደም አልቆም ብሏቸው ሰላት ልተው ወይ ብለው ሲጠይቁ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህ ከደም ሥር የሚመጣ እንጂ ሐይድ እንዳልሆነ ገልጸውላቸዋል። የሐይድ ጊዜያቸው ሲያልፍ ታጥበው እንዲሰግዱም አዘዋቸዋል። የሐይድ ከፍተኛው ጊዜ በሻፊዒይ መዝሀብ 15 ቀን፣ በሐነፊይ 10 ቀን ነው። ከዚያ ያለፈው ኢስቲሓዳ ነው።

ሁለተኛው ስህተት የሰላቱን ሑክም ካወቁ በኋላ በዚያው ረግቶ መቀመጥ ነው። ኢስቲሓዳ ሑክም እንዳለው ሁሉ መንስኤም አለው። የማሕፀን ዕጢ፣ የሆርሞን መዛባት፣ ውርጃ ወይም ካንሰር ሊሆን ይችላል። በተለይ የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ እንደገና ደም የታያት፣ ወይም ከባሏ ጋር ከተገናኘች በኋላ የሚደማት ሴት ሳትውል ሳታድር መመርመር አለባት። የማሕፀን በር ካንሰር ቀድሞ ከተገኘ ይታከማል። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2018 ለልጃገረዶች መከላከያ ክትባቱን መስጠት ጀምራለች። ክትባቱ ያመክናል የሚለው ወሬ መሠረት የለውም።

ስለ ንጽሕናም እንዲሁ። አንዳንድ እህቶች ጉስል እንዲሟላላቸው ብለው ብልታቸውን ከውስጥ በሳሙና፣ በሎሚ ወይም በሽቶ ያጥባሉ። ጉስል የሚያስገድደው የውጪውን ክፍል ማጠብ እንጂ ወደ ውስጥ መግባትን አይደለም። አላህ (ሱ.ወ.) የውስጡን ክፍል ራሱን እንዲያጸዳ አድርጎ ፈጥሮታል፤ በውስጡ ያሉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ሲታጠቡ ጎጂዎቹ ቦታውን ይይዛሉ። ንጹሕ ውሃ ይበቃል። በኢስቲንጃእ ጊዜም ከፊት ወደ ኋላ ማጽዳት ይገባል። ሽታ የሌለው ነጣ ያለ ፈሳሽ ጤናማ ነው። አረንጓዴ ከሆነ፣ ከሸተተ ወይም ካሳከከ ግን ሕክምና ይፈልጋል።

የሽንት ማቃጠልም በጋለ ድንጋይ ላይ ከመሽናት ወይም ከብርድ የመጣ አይደለም፤ ባክቴሪያ ነው። በሴቶች የሽንት ቧንቧ ማጠር ምክንያት አዲስ ሙሽሮችን በብዛት ያጋጥማል። ስለዚህ ባል በሚስቱ ላይ ክፉ ጥርጣሬ ሊያነሳበት አይገባም።

«ወንድ ሐኪም ከሚያየኝ ብሞት ይሻለኛል»

ሴት ሐኪም መምረጥ ተገቢ ነው። ሴት ልጆቻችንን ለሕክምናና ለአዋላጅነት ሙያ ማስተማር ያለብንም ለዚህ ነው። ነገር ግን ሴት ሐኪም ካልተገኘች ወንድ ሐኪም በሚያስፈልገው መጠን ብቻ፣ መሕረም ወይም ሌላ ሴት ባለችበት ማየት እንደሚችል ዑለማኦች ፈቅደዋል። ሩበዪዕ ቢንት ሙዐዊዝ (ረ.ዐ.) ሴቶች ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጋር ወጥተው ቁስለኞችን ያክሙ እንደነበር አስተላልፈዋል። ዑለማኦችም ተቃራኒ ፆታን በችግር ጊዜ ለማከም ይህን በማስረጃነት ወስደዋል። ነፍስን መጠበቅ ከሸሪዓ ዋና ዓላማዎች አንዱ ነው።

«ግርዛት ንጽሕናዋን ይጠብቃል»

በሶማሌና በአፋር አካባቢዎች በብዛት የሚታወቀው ቆርጦ የመስፋት ልማድ «ፊርዓውናዊ» ተብሎ ይጠራል። ስሙ ራሱ ከየት እንደሆነ ይናገራል። ከአራቱ መዝሀቦች በአንዱም መሠረት የለውም። ሽንትና የወር አበባ ደም እንደልብ እንዳይወጡ ያደርጋል፤ ተደጋጋሚ ኢንፌክሽን ያመጣል፤ በወሊድ ጊዜም መቀደድና ከባድ መድማት ያስከትላል። «ሱና» እየተባለ ስለሚጠራው ቀለል ያለ ግርዛትም እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 2006 በካይሮ አል-አዝሃር የተሰበሰቡ ዑለማኦች ተወያይተዋል። የሴት ልጅ ግርዛት ጉዳት እንደሆነና ከቁርኣንም ከትክክለኛ ሐዲስም መሠረት እንደሌለው ገልጸው፣ ሙስሊሞች እንዲተዉት ጥሪ አቅርበዋል። በሀገራችንም በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 565 እና 566 ይከለክለዋል። ጉዳት ማድረስም ጉዳትን በጉዳት መመለስም የለም የሚለውን የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) መርሕ የሚያውቅ ቤተሰብ በልጁ ገላ ላይ ይህን አይፈቅድም።

ለባሎችና ለወጣቶች አንድ ቃል

ወንድሞች ሆይ! ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከሰዎች ሁሉ በላጩ ለቤተሰቡ መልካም የሆነ ነው ያሉ ሲሆን፣ እሳቸው ራሳቸው በቤት ሥራ ያግዙ ነበር። አራስ ሚስትህ በወለደች በሳምንቱ ጀሪካን ስትሸከም ካየህ ተቀበላት። በወሊዶች መካከል በቂ ጊዜ መስጠትም ለእርሷ ጤና ነው። ቁርኣን ጡት ማጥባትን ለመሙላት ለሚሻ ሁለት ሙሉ ዓመት መድቧል (2፡233)። የጤና ባለሙያዎችም ከወሊድ በኋላ ሌላ እርግዝና ከመሞከር በፊት ቢያንስ 24 ወር መጠበቅን ይመክራሉ። ሚስትህ ታማ ሽንት ቢያመልጣት መጀመሪያ ወደ ሐኪም የምትወስዳት አንተ ሁን እንጂ መጀመሪያ የምትሸሻት አትሁን።

ወጣት እህቶችም እናቶቻችሁን በዘዴ ጠይቋቸው። ብዙዎቹ ጠያቂ ቢያገኙ ይናገራሉ። መስጊድ መሄድ ያቆመች፣ ከሠርግና ከለቅሶ የራቀች፣ ሁልጊዜ ከበር አጠገብ የምትቀመጥ እናት ካለች ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። የጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ወይም የቀበሌያችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የመጀመሪያዋ በር ናት። የመድረሳ መምህራንና ኢማሞችም የባለ ዑዝርን የጠሃራ ሑክም በመጽሐፍ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በሴቶች ደርስ ላይ በግልጽ ቢያስተምሩት ስንቷ እናት ወደ ሰላቷ በተመለሰች!

አላህ (ሱ.ወ.) የታመሙትን እናቶቻችንንና እህቶቻችንን ይሽፋቸው። ያለሐሳብ ሩኩዕና ሱጁድ የሚያደርጉ ያድርጋቸው። ለእኛም ጠቃሚ ዕውቀትን ይስጠን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።